ሚዛንና ዕውቀት፦ አል-ቢሩኒ የከበሩ ድንጋዮችን እንዴት ለየ?

(በሬዲዮ ፕሮግራም ከቀረበ ንግግር ለመጽሔት የተዘጋጀ)

   

የዛሬውን ርዕስ የሰጠችኝ አንዲት እህት ናት። አንድ ቀን ከዐስር ሰላት በኋላ ወደ መስጂድ መጥታ ከሁለት ወንድሞቿ ጋር ስለገጠማት የውርስ ጉዳይ አጫወተችኝ። እናታቸው ወደ አኼራ ከሄዱ ገና ዓመት አልሞላቸውም። አባታቸው ቀደም ብለው ስለሞቱ ወራሾቹ ሁለት ወንዶችና አንዲት ሴት ብቻ ናቸው። በሸሪዓችን መሠረት ንብረቱ አምስት ቦታ ይከፈልና ለእያንዳንዱ ወንድ ሁለት ሁለት እጅ፣ ለሴቷ አንድ እጅ ይደርሳል። ይህን ሦስቱም ያውቃሉ፤ አልተከራከሩበትምም። ያከራከራቸው አንድ ቀለበት ነው።

ቀለበቱን አባታቸው ከብዙ ዓመት በፊት ሐጅ ሄደው ሲመለሱ ከጂዳ ለእናታቸው ያመጡት ነው። መሐሉ ላይ የሮማን ፍሬ የመሰለ ቀይ ድንጋይ ተቀምጦበታል። በቤቱ ውስጥ "የእማማ ያቁት" እየተባለ ሲጠራ ኖሯል። ክፍፍሉ ሲደረግ ወንድሞች ቤቱንና ሱቁን ያዙ፤ ለእህታቸው ደግሞ "ያቁት ውድ ነገር ነው፤ ያንቺ እጅ በቀለበቱ ሞልቷል" አሏት። እሷም አሜን ብላ ተቀበለች። በኋላ ልጇ ታሞ ገንዘብ ሲቸግራት ቀለበቱን ይዛ ገበያ ወጣች። አንዱ ነጋዴ "ያቁት ነው" አለና የሰጣት ዋጋ ግን ለያቁት የሚሰጥ አልነበረም። ሌላው ደግሞ በቅጡ እንኳ ሳያየው "ብርጭቆ ነው" ብሎ መለሰላት።

"ሸይኽ፣ ወንድሞቼ አታለሉኝ? ወይስ እኔ ነኝ በከንቱ የጠረጠርኳቸው?" ብላ ጠየቀችኝ።

ውድ አድማጮች፣ አንድ አምስተኛን ማስላት ለእኔ ከባድ አልነበረም። መድረሳ የገባ ሁሉ ይህን ይማራል። ነገር ግን ያ ቀይ ድንጋይ ምን እንደሆነ ሳይታወቅ ስሌቱ ሁሉ ትርጉም የለውም። ያቁት ከሆነ እህታችን ሐቋን አግኝታለች፤ ምናልባትም ከዚያ በላይ። ብርጭቆ ከሆነ ደግሞ ባዶ እጇን ነው የቀረችው። እንግዲህ ፍርዱ ያለው በድንጋዩ ውስጥ ነው፤ ድንጋይ ደግሞ አይናገርም። ይሁን እንጂ ድንጋይን ያናገረ ዓሊም ነበረን፤ ከሺህ ዓመት በፊት። ዛሬ የማወጋችሁ ስለ እርሱ ነው።

ከኸዋሪዝም እስከ ጋዝና

አቡ ረይሓን ሙሐመድ ኢብን አሕመድ አል-ቢሩኒ በ362 ዓመተ ሂጅራ (እ.ኤ.አ. በ973) ካት በምትባል የኸዋሪዝም ከተማ ተወለደ። አገሩ ዛሬ ኡዝቤኪስታን በምትባለው ምድር ውስጥ ይገኛል። አፉን የፈታው በኸዋሪዝም ቋንቋ ሲሆን የጻፈው ግን በብዛት በዐረብኛ ነው። በሥነ ፈለክ፣ በሒሳብ፣ በመልክዓ ምድር፣ በመድኃኒት ዕፅዋትና በሕዝቦች ታሪክ ላይ ከመቶ የሚበልጡ ሥራዎችን ጽፏል። የምድርን ግማሽ ስፋት ከተራራ ጫፍ ሆኖ አድማስን በመለካት ያሰላው እርሱ ነው።

ሕይወቱ የተደላደለ አልነበረም። የጋዝናው ሱልጣን መሕሙድ እ.ኤ.አ. በ1017 ኸዋሪዝምን ሲይዝ ቢሩኒን ከሌሎች ሊቃውንት ጋር ወደ ጋዝና ወሰደው። ጋዝና የዛሬዋ የአፍጋኒስታን ከተማ ናት። የመሕሙድ ግምጃ ቤት ከህንድ ዘመቻዎች በተገኘ ወርቅ፣ ሉልና የከበረ ድንጋይ የተሞላ ነበር። እንግዲህ አስቡት፤ በአንድ በኩል ይህን የሚያክል ሀብት የተከማቸበት ቤተ መንግሥት አለ፤ በሌላ በኩል ደግሞ ነገርን ሁሉ ካልለካ የማያምን አንድ ዓሊም አለ።

ቢሩኒ በዕድሜው ማምሻ ላይ፣ የመሕሙድ የልጅ ልጅ መውዱድ በነገሠበት ዘመን፣ "ኪታቡል ጀማሂር ፊ መዕሪፈቲል ጀዋሂር" የተባለውን መጽሐፍ ጽፎ አበረከተ። ትርጉሙ በግርድፉ "ስለ ዕንቁዎች ዕውቀት ብዙ ነገር የያዘ መጽሐፍ" እንደማለት ነው። የመጀመሪያው ክፍል ስለ ከበሩ ድንጋዮች፣ ሁለተኛው ስለ ማዕድናት ብረቶች ይናገራል። እያንዳንዱ ድንጋይ ከየት እንደሚወጣ፣ ስሙ በየቋንቋው ምን እንደሆነ፣ ዋጋው በምን እንደሚለያይ፣ ምን በመሰለ ነገር እንደሚጭበረበር ይዘረዝራል። ከእርሱ በፊት አል-ኪንዲ ስለ ዕንቁ ጽፎ ነበር፤ ቢሩኒም ይህን አልደበቀም። ይሁን እንጂ የቀደሙት ያሉትን በመድገም ብቻ አልተወሰነም፤ ፈተሸው።

እባቡና ዙሙሩዱ

አፈታተሹን የሚያሳይ አንድ ታሪክ ልንገራችሁ። በዚያ ዘመን እባብ ዙሙሩድን (ዛሬ ኤመራልድ የምንለውን አረንጓዴ ዕንቁ) ካየ ዓይኑ ይፈስሳል ተብሎ በሰፊው ይነገር ነበር። በኪታብ ተጽፏል፤ ሰዎችም ተቀባብለውታል። ነጋዴውም ይወደዋል፤ የድንጋዩን ዋጋ ያስወድዳልና። እንዲያውም ድንጋዩ እውነተኛ ዙሙሩድ መሆን አለመሆኑን መለያ ዘዴ ነው የሚሉ ነበሩ።

ቢሩኒ እባብ ፈለገ። የዙሙሩድ ሐብል አንገቱ ላይ አደረገለት። በተቀመጠበት ቅርጫት ውስጥ ዙሙሩድ በተነለት። በክር አንጠልጥሎ ፊቱ ላይ አወዛወዘለት። ይህን በበጋም በክረምትም ለዘጠኝ ወራት ያህል ደጋገመው። እባቡ ምንም አልሆነም። ቢሩኒም የዓይኑ ብርሃን ካልጨመረለት በቀር ምንም አላገኘውም የሚል ቀልድ ቢጤ ጣል አድርጎበት አልፏል።

ይህ ታሪክ ያስቃል፤ ቁም ነገሩ ግን ከባድ ነው። ሰው የሚሰማውን ሁሉ እያወራ ዕንቁ ሲሸጥና ሲገዛ ኖሯል። ቢሩኒ "እገሌ ብሏል" የሚለውን ትቶ "እስቲ እንየው" አለ። ጌታችን አላህ በሱረቱል ኢስራእ ቁጥር 36 ላይ ዕውቀት የሌለንን ነገር እንዳንከተል፣ ጆሮም ዓይንም ልብም ስለዚህ እንደሚጠየቁ ያስጠነቀቀው ለሃይማኖት ጉዳይ ብቻ አይደለም።

ዓይን የሚሳሳትበት ቦታ

ቀለም ከሁሉ በፊት ዓይን የሚይዘው ነገር ነው፤ ከሁሉ በላይ የሚያታልለውም እርሱ ነው። ቀይ ድንጋይ ብዙ ነው። ያቁት ቀይ ነው። ላዕል የሚባለው ከበደኽሻን ተራሮች የሚወጣው ድንጋይም ቀይ ነው። ዐቂቅም ቀላ ያለ አለው። ቀለም የተቀባ ብርጭቆም ቀይ ይሆናል። በአንጻሩ ደግሞ ያቁት ሁልጊዜ ቀይ አይደለም፤ ሰማያዊም ቢጫም አለ። ሰማያዊውን ዛሬ ሰንፔር እንለዋለን፤ ቀዩን ሩቢ። ሁለቱም ግን ኮረንደም የተባለ አንድ ማዕድን ናቸው። የእኛ ዑለማዎች ሰማያዊውንም ቀዩንም "ያቁት" ብለው በአንድ ስም ሲጠሩ በቀለም አልተታለሉም ማለት ነው።

በቀለም ካልሆነ ታዲያ በምን ይለያል? አንዱ መንገድ ጥንካሬ ነው። ያቁት ከአልማዝ በቀር ሌላውን ዕንቁ ሁሉ ይጭራል፤ እርሱን የሚጭረው አልማዝ ብቻ ነው። የጥንት ዕንቁ አዋቂዎች ይህን ያውቁ ነበር። ነገር ግን ይህ ፈተና አንድ ችግር አለበት፤ የሰውን ንብረት ያበላሻል። ጭረህ "ይቅርታ፣ ላዕል ነበር" ብትለው ባለቤቱ ምን ይልሃል? ስለዚህ ድንጋዩን ሳይነካ የሚለይ ነገር አስፈለገ። ቢሩኒ ይህን ያገኘው ከውሃና ከሚዛን ነው።

ጠባብ አንገት ያለው ዕቃ

ነገሩን ቀለል አድርጌ ላስረዳችሁ። አንድ ኪሎ ብረትና አንድ ኪሎ ጥጥ ክብደታቸው እኩል ነው፤ የሚይዙት ቦታ ግን ይለያያል። እንግዲያው ሁለት ነገሮች እኩል ቦታ ቢይዙ የትኛው ይከብዳል ብለን ከጠየቅን የነገሩን ማንነት ወደ ማወቅ ቀረብን ማለት ነው። ይህን ሐሳብ ከኢስላም በፊት ግሪካዊው አርሺሚዲስ ያውቀው ነበር። በዐባሲዮች ዘመን የነበሩ ሊቃውንትም ይዘውት ነበር። አስቸጋሪው ነገር የአንዲት ትንሽ፣ ጎርበጥባጣ ድንጋይ ይዘት እንዴት ይለካል የሚለው ነው። በገመድ አይለካም፤ በስንዝር አይለካም።

ቢሩኒ ለዚህ አንድ ዕቃ ሠራ። ከታች ሰፊ፣ ወደ ላይ እየሾለ የሚሄድ፣ አንገቱ ትንሽ ጣት ከምታስገባ የማይበልጥ ዕቃ ነው። አንገቱ ጎን ላይ ቀዳዳ አለ፤ ከቀዳዳው ወደ ታች የታጠፈ ቀጭን ቱቦ ወጥቷል፤ እንደ ጀበና አፍ ያለ። ዕቃው እስከ ቱቦው ድረስ ውሃ ይሞላል። ከቱቦው አፍ ሥር የሚዛን ሳህን ይቀመጣል። ከዚያ አስቀድሞ የተመዘነው ድንጋይ ቀስ ተብሎ ይገባል። ድንጋዩ የያዘውን ቦታ ያህል ውሃ በቱቦው ወጥቶ ሳህኑ ላይ ይወርዳል። ያ ውሃ ይመዘናል። የድንጋዩ ክብደት ለውሃው ክብደት ሲካፈል ድንጋዩ ከውሃ ስንት እጥፍ እንደሚከብድ ይታወቃል። አለቀ።

አንገቱ ለምን ጠበበ? በሰፊ አፍ ዕቃ ውስጥ ትንሽ ድንጋይ ብትጥል ውሃው ከፍ ማለቱ አይታወቅም። በጠባብ አንገት ውስጥ ግን ጥቂቱም ጎልቶ ይታያል። ቱቦውስ? መጀመሪያ ሲሠራው ጥቂት ጠብታዎች ቱቦው ውስጥ ተጣብቀው እየቀሩ አስቸገሩት። አንዱን ሠርቶ ጉድለቱን ሲያይ፣ ያንን አርሞ ሌላ ሲሠራ፣ ደግሞ ሌላ ሲሠራ ቆይቶ ነው እልባት ያገኘው። ሱብሓነላህ! አንዲት ጠብታ ውሃ እንዳትጠፋ ይህን ያህል ድካም።

ለማወዳደሪያ የመረጠው ሰማያዊውን ያቁት ነው። አንድ መቶ ሚሥቃል ሰማያዊ ያቁት የሚይዘውን ቦታ ያህል ሌላው ድንጋይ ቢይዝ ስንት ሚሥቃል ይመዝናል ብሎ ጠየቀ። (ሚሥቃል ከ4 ግራም ትንሽ የሚበልጥ ክብደት ነው።) ቀዩ ያቁት 97 ገደማ ሆነ። ላዕል 90 ገደማ ሆነ። ዙሙሩድ ወደ 70 ወረደ። ቢለውር፣ ማለትም እንደ መስታወት የጠራው ድንጋይ፣ ከዚያም አነሰ።

ይህን ከዛሬው ልክ ጋር ስናስተያየው ምን እናገኛለን? ዛሬ በሚታወቀው መሠረት ያቁት ከውሃ 4 እጥፍ ያህል ይከብዳል። ላዕል፣ በዛሬ ስሙ ስፒኔል፣ 3.6 እጥፍ ያህል ነው። ዙሙሩድ 2.7 እጥፍ ያህል፣ ቢለውር ደግሞ 2.65 ነው። ያቁትን 100 ብንል ላዕል 90 ይሆናል፤ ልክ ቢሩኒ እንዳለው። በቢለውር ላይ ትንሽ ዝቅ ብሎበታል፤ ቀዩና ሰማያዊው ያቁትም ዛሬ እኩል እንደሆኑ እናውቃለን። ለሺህ ዓመት በፊት ልኬት ግን ይህ እጅግ የሚያስደንቅ ነው።

ዘውድ ላይ የተቀመጠው ላዕል

አሁን ከቁጥሮቹ መሐል አንዷን እናውጣ፤ ዘጠናን። ላዕልና ቀይ ያቁት ለዓይን እጅግ ይመሳሰላሉ። ቢሩኒ ግን ሁለቱን በየራሳቸው ስም አስቀምጦ በክብደታቸውም ለይቷቸዋል። በአውሮፓ ሁለቱ የተለያዩ ማዕድናት መሆናቸውን ፈረንሳዊው ሮሜ ደ ሊል ለይቶ ያስቀመጠው እ.ኤ.አ. በ1783 ነው። በመሐሉ ከሰባት መቶ ዓመት በላይ አለ።

በእነዚህ ዓመታት ውስጥ ምን ሆነ? በእንግሊዝ ነገሥታት ዘውድ ፊት ለፊት 170 ካራት የሚያህል ትልቅ ቀይ ድንጋይ አለ። "የጥቁሩ ልዑል ሩቢ" ይሉታል። እንደሚተረከው የግራናዳው ሙስሊም ገዢ አቡ ሰዒድ ንብረት ነበር። እ.ኤ.አ. በ1362 የካስቲያው ንጉሥ ፔድሮ ገድሎት ድንጋዩን ወሰደ፤ በ1367 ደግሞ ለእንግሊዙ ልዑል ኤድዋርድ ሰጠው። ለስንት መቶ ዓመት ሩቢ ተብሎ ሲከበር የኖረው ይህ ድንጋይ ሲመረመር ስፒኔል ሆኖ ተገኘ። ላዕል ነው ማለት ነው።

ሌላም አለ። "የቲሙር ሩቢ" የሚባለው ከ350 ካራት በላይ የሚመዝነው ድንጋይ እ.ኤ.አ. በ1851 ከህንድ ለንግሥት ቪክቶሪያ ተሰጠ። ድንጋዩ ላይ የሙጋል ነገሥታት ስም ተቀርጿል። እርሱም ስፒኔል ነው። ስማቸውን ያስቀረጹት ሙስሊም ነገሥታት ላዕል የሚሉት ድንጋይ ለንደን ሲደርስ ስሙ ሩቢ ሆነ።

ውድ አድማጮች፣ ይህን የማነሳው በአያቶቻችን ለመኩራት ብቻ አይደለም። በአያት መኩራት ለልጅ ልጅ እንጀራ አይሆንም። የማነሳው ትልልቅ ነገሥታት፣ ባለ ግምጃ ቤቶች፣ የጌጥ አዋቂ የተባሉ ሰዎች ሁሉ ሳይዋሹ ተሳስተው መኖራቸውን ለማሳየት ነው። "ሩቢ ነው" ያለው ሰው ውሸታም አልነበረም። አላወቀም እንጂ።

የተሰበረው ሚዛን

ማወቅን የሚጠላ ሰውም አለ። ከቢሩኒ በኋላ አቡ ሓቲም አል-ሙዞፈር አል-ኢስፊዛሪ የተባለ ዓሊም፣ የዑመር ኸያም ዘመን ሰው፣ በውሃ ውስጥ እየመዘነ የተቀላቀለ ወርቅን ከጥሩው የሚለይ ሚዛን ለመሥራት ዘመኑን ፈጀ። ሚዛኑም ወደ ሱልጣኑ ግምጃ ቤት ገባ። የታሪክ ጸሐፊው አል-በይሀቂ እንደሚተርከው ግምጃ ቤቱን የሚጠብቀው ሰው ማጭበርበሩ እንዳይጋለጥበት ፈርቶ ሚዛኑን ሰባበረው። ኢስፊዛሪ ይህን በሰማ ጊዜ ከሐዘን የተነሳ ታሞ ሞተ። አላህ ይዘንለት።

ሥራው ግን ከእርሱ ጋር አልሞተም። ዐብዱረሕማን አል-ኻዚኒ የሚባል ሌላ ሰው አነሳው። ኻዚኒ በዛሬዋ ቱርክመኒስታን ውስጥ በምትገኘው በመርው ከተማ ያደገ፣ ትውልዱ ከሩም የሆነ ባሪያ ነበር። ጌታው የግምጃ ቤት ሹም ሲሆን አስተማረው፤ እርሱም ሊቅ ወጣው። በ515 ዓመተ ሂጅራ (እ.ኤ.አ. 1121) "ሚዛኑል ሒክማ"፣ የጥበብ ሚዛን፣ የተባለውን ታላቅ መጽሐፍ ጻፈ። የኢስፊዛሪን ሚዛን አሻሽሎ አምስት ሳህን ያለው አደረገው፤ አንዱ ሳህን ውሃ ውስጥ ሆኖ ይመዝናል። ድንጋዩ በአየር ላይ ይመዘናል፤ ከዚያ በውሃ ውስጥ ይመዘናል፤ በውሃ ውስጥ የቀነሰው ክብደት ከድንጋዩ ይዘት ጋር እኩል የሆነ ውሃ ክብደት ነው። የቢሩኒን ቁጥሮች ለእኛ ካቆዩልን መጻሕፍት አንዱም ይኸው ነው።

የዚህን ሰው ጠባይ ደግሞ ስሙ። ሱልጣን ሰንጀር አንድ ሺህ ዲናር ላከለት። ኻዚኒ መለሰው። እኔ አሥር ዲናር አለኝ፤ ለዓመት ሦስት ዲናር ትበቃኛለች፤ በቤቴም ከአንዲት ድመት በቀር ማንም የለም የሚል መልስ እንደሰጠ ተዘግቧል። የሱልጣን ወርቅና ዕንቁ የሚመዘንበትን ሚዛን የሠራው እጅ ራሱ ወርቅ አላማረውም። አንዱ ሰው ሚዛን የሰበረው ለገንዘብ ብሎ ነው፤ ሌላው ሚዛን ያቆመው ገንዘብን ንቆ ነው።

ሚዛኑ የማይናገረው

ሐቁን ለመናገር ሚዛን ሁሉን አያውቅም። እ.ኤ.አ. በ1902 ፈረንሳዊው ቬርኑይ በእሳት ነበልባል ሩቢ የሚሠራበትን ዘዴ ይፋ አደረገ። ያ ሰው ሠራሽ ሩቢ ክብደቱም ጥንካሬውም ከምድር ከወጣው ጋር አንድ ነው። ሚዛን ላይ ብታስቀምጠው "ያቁት ነኝ" ይልሃል። ዋጋው ግን ሰማይና ምድር ነው። ይህን የሚለየው በአጉሊ መነጽር የሚያይ አዋቂ ነው፤ በሰው ሠራሹ ውስጥ እንደ ሸክላ ማጫወቻ መስመር የጎበጡ መስመሮች ይታዩታል። ብርጭቆም እንደ አሠራሩ ይከብዳል ይቀልላል፤ ስለዚህ በውስጡ የአየር አረፋ አለ ወይ ተብሎ ይታያል። አንድ ምስክር አይበቃም፤ ሁለተኛና ሦስተኛ ምስክር ያስፈልጋል።

ወደ አገራችን ስንመጣ ደግሞ ነገሩ ይበልጥ ይቀርበናል። እ.ኤ.አ. በ2008 ወሎ ውስጥ በደላንታ ወረዳ፣ በወገል ጤና አካባቢ፣ ዓለም ያደነቀው ኦፓል ተገኘ። ይህ ድንጋይ ልዩ ጠባይ አለው፤ ውሃ ይጠጣል። ብዙው ውሃ ውስጥ ሲቆይ ቀለሙ ይጠፋና እንደ መስታወት ይጠራል፤ ሲደርቅ ይመለሳል። አንዳንዱ ከጠጣ በኋላ ክብደቱ ከመቶ እስከ አሥር እጅ ገደማ ይጨምራል። ስለዚህ የቢሩኒ የውሃ ፈተና ለዚህ ድንጋይ እንዲሁ አይሆንም። ዕንቁ የሚሸጠው ደግሞ በክብደት ነው! ውሃ የጠጣ ኦፓል መዝኖ የሚሸጥ ሰው ውሃውን በዕንቁ ዋጋ ሸጠ ማለት ነው። ቀዳዳ ያለው ድንጋይ ስለሆነም ጭስና ቀለም በቀላሉ ይገባበታል፤ ነጩን ጥቁር አድርገው የሚያወጡ አሉ።

ይህን ስሰማ ሙስሊም የዘገቡት ሐዲስ ትዝ ይለኛል። ነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ) በገበያ ሲያልፉ የእህል ክምር አዩ፤ እጃቸውን ወደ ውስጥ ሲከቱ ርጥበት ነካቸው። ባለቤቱን ሲጠይቁት ዝናብ እንደመታው ነገራቸው። ሰዎች እንዲያዩት እርጥቡን ከላይ ማድረግ እንደነበረበት ነገሩት፤ የሚያጭበረብር ከእርሳቸው ወገን እንዳልሆነም አሳወቁ። ልብ በሉ! ሰውየው ውሃ አላርከፈከፈበትም። ያረጠበው ዝናብ ነው። ቢሆንም የሚያውቀውን ለገዢው መግለጥ ግዴታው ነበር።

ሁለት ጎረቤታም አንቀጾች

ቅድም ከሱረቱል ኢስራእ ቁጥር 36ን ጠቅሼ ነበር። ከእርሷ በፊት ያለችው ቁጥር 35 ምን ትላለች? ስትሰፍሩ ስፍርን እንድንሞላ፣ በትክክለኛ ሚዛን እንድንመዝን ታዛለች። ወዲያው ቀጥላ ቁጥር 36 ዕውቀት የሌለህን ነገር አትከተል ትላለች። ሚዛንና ዕውቀት ጎረቤት ሆነው ነው የመጡት። እኔ ከዚህ የምማረው አንድ ነገር ነው፤ እጅህ ቀጥ ብሎ ቢመዝን፣ የምትመዝነው ነገር ምን እንደሆነ ካላወቅህ የሰው ሐቅ ልትበላ ትችላለህ። ንጹሕ ልብ ብቻውን አይበቃም።

ወደ እህታችን ጉዳይ ልመለስ። ሁለቱን ወንድሞች አስጠራኋቸው። ታላቅየው መጡና፣ "ሸይኽ፣ አባታችን ያቁት ነው ብለው ነው የሰጧት፤ አባታችን ደግሞ አይዋሹም" አሉኝ። "አይዋሹም፤ የተነገራቸውን ነው የነገሯችሁ። እስቲ ድንጋዩን እንጠይቀው" አልኳቸው። አንድ ወርቅ ሠሪ ዘንድ አራታችንም ሄድን። ወርቁ ቁጥሩን ስለሚያበላሸው ድንጋዩን ሁላችንም እያየን ከቀለበቱ አወጣው። በአየር ላይ ሲመዘን 1.200 ግራም ሆነ። በቀጭን ክር ታስሮ፣ የብርጭቆውን ታች ሳይነካ፣ ውሃ ውስጥ ሲመዘን 0.865 ግራም ሆነ። የቀነሰው 0.335 ነው። 1.200ን ለ0.335 ስናካፍል 3.58 መጣ። ያቁት ቢሆን ኖሮ የሚቀንሰው 0.300 ነበር።

ሁላችንም ዝም አልን። ከዚያ በኋላ በአንድ ሰው ቃል ብቻ እንዳንወሰን የከበረ ድንጋይ መርማሪ ዘንድ ላክነው። እርሱ ብርሃን ድንጋዩ ውስጥ ሲገባ ምን ያህል እንደሚታጠፍ በመሣሪያ ለካ፤ 1.72 አገኘ፤ ይህም የስፒኔል ነው። በአጉሊ መነጽር ሲያየው በውስጡ ስምንት ገጽ ያላቸው ጥቃቅን ክሪስታሎች ተደርድረው አየ፤ ከምድር የወጣ ለመሆኑ ምስክር ናቸው። ብርጭቆ አይደለም። ያቁትም አይደለም። ላዕል ነው። አንደኛው ነጋዴም ሁለተኛውም ተሳስተዋል።

ዋጋው ከዜሮ የራቀ ነበር፤ ወንድሞች ለእህታቸው ከቆጠሩት ግን በእጅጉ ያነሰ ነው። ንብረቱ እንደገና ተሰላ። ታላቅየው ወረቀቱን አይተው፣ "አልሐምዱ ሊላህ፣ እኛ ሳናውቅ የእህታችንን ሐቅ ይዘን ልንቀር ነበር" አሉ። የጎደላት ከሱቁ ተሞላላት፤ ቀለበቱም ለእርሷ ቀረ። የልጇ ሕክምናም በዚያው ተከፈለ። ቀለበቱን ግን አልሸጠችውም፤ አሁንም ጣቷ ላይ አለ። ስሙን ብቻ ቀይረውታል፤ "የእማማ ላዕል" ይሉታል።

ውድ አድማጮች፣ በቤታችሁ የእናት ሐብል፣ የአያት ቀለበት ካለ፣ ለውርስ ወይም ለመህር ከመቁጠራችሁ በፊት ምንነቱን በአዋቂ አስመርምሩ። ጭራችሁ አትሞክሩት፤ በእሳት አታስነኩት፤ ኦፓልንና ሉልን በራሳችሁ ውሃ ውስጥ አትዘፍዝፉ። ነጋዴ የሆናችሁ ደግሞ የማታውቁትን ነገር "አላውቅም" በሉ። ይህች ቃል ዋጋ ትቀንስ ይሆናል፤ በረካን ግን አትቀንስም።

አላህ ሚዛናችንን ቀጥ ያድርግልን፤ ጠቃሚ ዕውቀትን ይስጠን፤ ሳናውቅ ከያዝነው የሰው ሐቅ ያውጣን። አሚን። ወሰላሙ ዐለይኩም ወረሕመቱላሂ ወበረካቱሁ።